አጎቴ እስኪቀመጡ

ሳዑዲ በሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ማዳሜ የፊልም ፌስቲቫል በቴሌቪዥን ማየት ትወድ ነበር። ቀሚሳቸው መሬት የሚጠርግ ሴቶች በቀይ ምንጣፍ ላይ ሲያልፉ እሷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እንከን ታወጣላቸዋለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። አንድ ቀን የሆነ ፊልም አለቀና አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። የባልየውን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ቶቡን፣ ዘርግቼ ነበር፤ ተኩሼ ሰቀልኩት። ቀና ስል ያጨበጭባሉ። ሁለተኛውን ተኮስኩ፤ ያጨበጭባሉ። ሦስተኛውን ዘርግቼ ኮሌታው ላይ ስደርስ ፊልሙን የሠራው ሰውዬ መጀመሪያ ስቆ፣ ቀጥሎ አልቅሶ፣ አሁን የሚሆነው ጠፍቶት የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል።

«ማዳም፣ ሰዎቹ ለምን አይቀመጡም?» አልኳት።

«ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ፊልሙን ጠላው ይባላል» አለችኝ። «ደግሞ ደቂቃው ይቆጠራል። ብዙ የተጨበጨበለት በማግስቱ በጋዜጣ ይወጣል።»

በልቤ ይሄማ ይሉኝታ ነው አልኩ። እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጅም እንዲህ ይጨነቃል ለካ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው።

ወደ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመልሼ ይህን ወሬ ለአክስቴ ልጅ ባላወራው ኖሮ ብዙ ሰው እግሩን ባላመመው ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ይቀርጻል። በእኛ በኩል የተዳረ ሰው ሁሉ እሱ ሐይቁ ዳር አቁሞ ያላሳቀው የለም። ሙሽራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው እያለ ከተማረረ በኋላ ግን እውነተኛ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ገበሬ በሬውን ሊሸጥ ገበያ ይወርዳል፤ ገዢ በመጣ ቁጥር በገዢው ላይ ሰበብ ያገኛል፤ ሲመሽ በሬውን እየነዳ ቤቱ ይመለሳል። በቃ።

ለገበሬው የመረጠው የእናቶቻችንን ታላቅ ወንድም ነው። አጎቴ ከውጫሌ ሽቅብ፣ አምባሰል ተራራው ጎን ላይ ነው የሚኖሩት። ረጅም ናቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ልመና ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«የማልሸጠውን በሬ እሸጣለሁ ብዬ ሰው ፊት ልዋሽ?» አሉ።

«አይዋሹም አጎቴ። በታሪኩም እኮ አይሸጡትም» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ካልሸጥኩት ለምን ገበያ እወስደዋለሁ?»

የአክስቴ ልጅ ፊልሙን ሲጽፍ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆት አያውቅም ነበር መሰለኝ። «ለሰው ሊያሳዩት» አለ በመጨረሻ።

አጎቴ ወደ በሬው ዞር ብለው አዩት። «እሱስ ይሁን» አሉ። «የሚታይ ነው።»

የተቀረጸው በውጫሌ ገበያ ቀን ነው። ካሜራውን ከአንድ ሸራ ጥላ ሥር ስለደበቀው፣ ነጋዴዎቹ እውነት መስሏቸው መጥተው ተከራከሩ። አጎቴ አንዱን «አንተ በሬ ትመታለህ፣ ከዓይንህ ያስታውቃል»፣ ሌላውን «ሚስትህን ጠይቀሃል?» እያሉ መለሷቸው። አንድ ወፍራም ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ጨምሮ ሲያበቃ በሬውንም አጎቴንም ሰድቦ ሄደ። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ኋላ ነግረነው ፈቃዱን ስንጠይቀው «መልኬ ደህና ከወጣ ምን ቸገረኝ» አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ላይ ሊያስመርቅ ወሰነ። የወጣቶች ማዕከሉን አዳራሽ ለመነ፣ የሠርግ ወንበርና ጀነሬተር ተከራየ፣ ከግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዴ ወጠረ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያብሰለስለው።

«የሚቆሙ ይመስልሻል?»

«ማን?»

«ሰዉ። ፊልሙ ሲያልቅ። ያኔ እንደነገርሽኝ።»

«እሱ እኮ የፈረንጅ ነገር ነው» አልኩት።

«እኛስ መቆም ያቅተናል?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ሦስት ጓደኞቹን ለብቻ ጠርቶ መሐል ላይ እንዲቀመጡ፣ ማብቂያው ላይ የስም ዝርዝሩ ጽሑፍ መውጣት ሲጀምር ብድግ ብለው እንዲያጨበጭቡ አስጠናቸው። ለእኔ ደግሞ በስልኬ ሰዓት እንድይዝ ሥራ ሰጠኝ።

አጎቴን ልጠራ የሄድኩት እኔ ነኝ። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የፊልሙ ምርቃት ነው» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚመርቀው?»

«ሰዉ ነዋ። ሁሉም ይመጣል።»

«ሁሉም ከመረቀማ ማን አሚን ይላል?» አሉና ትንሽ አስበው፣ «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዓርብ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ሱቃቸውን የዘጉ ነጋዴዎች፣ የትምህርት ቤት መምህራን፣ ከሐይቁ ዳር የመጡ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ከአርዲቦ በኩል በባጃጅ ተጭነው የመጡ ዘመዶቻችን፣ እንዲሁም በአክስቴ ልጅ የተዳሩ ጥንዶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ልጅ ታቅፈው። አጎቴ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከፊት መሐል ላይ ተቀመጡ። በስተቀኛቸው ከከተማው አስተዳደር የመጡ የክብር እንግዳ፣ በስተግራቸው እኔ። መድረክ የሚመራው አንድ የአማርኛ መምህር ነበር፤ ማይክ ይዞ ስለ ጥበብ ብዙ ተናገረ። የክብር እንግዳውም ተናገሩ። በየንግግሩ መሐል አጎቴ ወደ እኔ ጎንበስ እያሉ «ምርቃቱ አሁን ነው?» ይሉኛል። «ገና ነው አጎቴ» እላቸዋለሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ ወደደው፣ ወላሂ ወደደው። በሬው ሲታይ «ማሻአላህ!» የማይል አልነበረም። ወፍራሙ ነጋዴ ሲሳደብ ከሳቁ የተነሣ ወንበር ተንቋቋ። አጎቴ ግን ራሳቸውን አላዩም። ከኋላ ሰው በሳቀ ቁጥር ዞር ብለው የማን ሳቅ እንደሆነ ይፈልጋሉ፣ የሚያውቁትን ሲያገኙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይላሉ።

ማብቂያው ላይ ጽሑፉ መውጣት ጀመረ፣ ሦስቱ ጓደኞች እንደተባለው ብድግ አሉ። የአክስቴ ልጅ አመስጋኝ ሰው ስለሆነ ገመድ ያዋሰውንም፣ ውኃ ያቀበለውንም ስም በሙሉ ጽፎ ነበር። ከሦስቱ ጀርባ ያሉት ስማቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ስለተጋረዱ እነሱም ተነሡ። ከእነሱ ጀርባ ያሉትም ተነሡ። በአንድ አፍታ ከፊተኛው ረድፍ በቀር አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ከቆመ ወዲያ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም ስለሚያሳፍር አጨበጨበ።

ስልኬን ነካሁ፤ ቆጠራው ጀመረ። ጥጉ ላይ የቆመውን የአክስቴን ልጅ አየሁት። አፉን በእጁ ይዞ ነበር።

አጎቴ ድምፁን ሰምተው ዞሩ። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ እሳቸውን እያየ ቆሟል። ደነገጡ። «ኧረ በአላህ!» ብለው ዘለው ተነሡ። «በአላህ ተቀመጡ! ምን በወጣችሁ! ተቀመጡ!» እያሉ በሁለት እጃቸው ወደታች ያመለክታሉ። ጭብጨባው ድምፃቸውን ስለዋጠው፣ ከኋላ ላለው ሰው ሰላምታ ነው የመሰለው። ባሰበት።

የክብር እንግዳው ከዚያ በፊት አልተነሡም ነበር። ሽማግሌ ጎናቸው ቆሞ መቀመጥ ስላልቻሉ ተነሡ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እነሱም ይቀመጣሉ» አልኳቸው በጆሯቸው።

«እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ምን ነካሽ?»

ወደ ኋላ ዞሬ ሰዉን እንዲያስቀምጥ ለመምህሩ በእጄ አመለከትኩት። ገባውና ማይኩን ይዞ «ውድ ታዳሚዎች፣ አባታችን እንዲቀመጡ እባካችሁ ተቀመጡ!» አለ። ከኋላ አንድ ዓሣ አስጋሪ «እሳቸው ቆመው? ነውር አይደለም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «አዎ፣ ነውር ነው!» ያለው ብዙ ነው። ጭብጨባው ቀጠለ።

እዚህ ላይ ነው ማዳሜ ያለችኝ የገባኝ። ማንም ከአሁን በኋላ ስለ ፊልሙ አያጨበጭብም። እጅ መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ዘዴ አበጀ። አንዷ እናት የታቀፈችውን ልጅ እጆች ይዛ በእነሱ ታጨበጭባለች፤ ልጁ ተኝቷል። አንድ ባለሱቅ ደክሞት አንድ እጁን ጭኑ ላይ ይመታል። ደሴ ለመሄድ መኪና የሚያመልጠው አንድ ሰውዬ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ እያጨበጨበ፣ በጀርባው ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄድ ነበር፤ በሩ ላይ የቆሙት ደግሞ አላሳለፉትም። እናቴ ቤት ሆና ስትጠብቅ ኖሮ ደወለች። «አለቀ እንዴ?» ትላለች። «አልቋል» አልኳት። «ታዲያ ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች።

የክብር እንግዳው ወደ አጎቴ ጠጋ ብለው «አባቴ፣ ሌላ ስብሰባ አለብኝ» አሏቸው በልመና።

«ታዲያ ይቀመጡ እንጂ!» አሏቸው አጎቴ። «ማን ከለከለዎት? ይቀመጡ!»

«እርስዎ ሳይቀመጡ?»

«እኔማ እንዴት ብዬ!»

እጃችን ደግሞ ያለ ዜማ ማጨብጨብ አልለመደም። ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳያስቡት ምቱን አንድ አደረጉት። ምቱ አንድ ሲሆን አንዷ እልል አለች። እልልታው ሲወጣ ከአርዲቦ የመጣች አንዲት አክስታችን የሠርግ ዘፈን አነሣች፣ የቀረው ተቀበላት። በአክስቴ ልጅ ከተዳሩት ጥንዶች አንዱ ባል ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ አየሁት። አዳራሹ ነፍስ ዘራ። አጎቴ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ።

«የማንም አይደለም አጎቴ።»

«ሙሽራ ሳይኖር?»

ከዚያ የሆነ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ዓይናቸው በራ። «አ! ምርቃቱ!» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የእኛ አገር ሰው ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ እሱም መዳፉን ይዘረጋል፤ የተዘረጋ መዳፍ ደግሞ አያጨበጭብም። ያ ሁሉ የቀላ እጅ ባንዴ ወደ ላይ ተከፈተ። አንዳንዱ በእፎይታ ትንፋሽ ሲያወጣ ተሰማኝ።

«ያረብ! ዝናቡን በጊዜው አውርደው!»

«አሚን!»

«ከብቱን ከበሽታ፣ ሰዉን ከክፉ ወሬ ጠብቅልን!»

«አሚን!» አሜን የሚለውም አሚን የሚለውም እኩል ነው የሚጮኸው።

«ሐይቁን ዓሣ አታሳጣው! ዐረብ አገር ያሉትን ልጆቻችንን በጤና መልስልን!»

«አሚን!»

እያረፉ፣ እያሰቡ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር እየተጠነቀቁ መረቁ። ነጋዴውን መረቁ፣ መምህሩን መረቁ፣ ጀነሬተሩን የሚጠብቀውን መረቁ፣ ለክብር እንግዳው ስብሰባው እንዲያጥርላቸው ለመኑላቸው፤ እሳቸው ከማንም ቀድመው «አሚን!» አሉ። እኔ ያበቃ መስሎኝ እጄን ላወርድ ስል አጎቴ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ይህችን የእህቴን ልጅ በሰላም መልሰህልናል፣ አልሃምዱሊላህ! አሁን ደግሞ ደግ ባል ወፍቅልን!»

«አሚን!»

የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከምርቃቱ ሁሉ እንዲህ የተጮኸለት የለም። ከዝናቡም ይበልጥ ነበር። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩት። ከዓሣ አስጋሪዎቹ አንዱ ሁለተኛ «አሚን!» ብሎ ሲደግም ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጎቴ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው «በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉ። ተመርቆ እምቢ የሚል የለም። ሁሉም ተቀመጠ። እሳቸውም ግራ ቀኙን አይተው ማንም አለመቆሙን ሲያረጋግጡ ኮታቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ።

እንግዲህ ፊልሙ አልቋል፣ ንግግሩ አልቋል፣ ጭብጨባውም ምርቃቱም አልቋል። ሁላችንም ተቀምጠን ነጩን አቡጀዴ እናያለን። መምህሩ ማይኩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል።

አጎቴ በደንብ በሚሰማ ድምፅ «አሁን ምንድነው የሚጀመረው?» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ተጨንቆ አየኝ፣ እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ። የቸገረው ሰው ያለውን ነውና የሚያደርገው ፊልሙን እንደገና ከፈተው።

በሁለተኛው ግን አጎቴ ፊታቸውን አላዞሩም። በሬው ሲወጣ «ይኸው መጣ!» አሉ። ራሳቸውን ሲያዩ «ይህ ሰውዬ አካሄዱ ልክ እንደ አባቴ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። የክብር እንግዳው ወፍራሙ ነጋዴ ሲሳደብ በጨለማው ጎንበስ ብለው ወጡ። ከዚያ አንድ፣ ሌላ አንድ። በየጥጉ ጫማ ሲጎተት ይሰማል። ጽሑፉ መጥቶ መብራት ሲበራ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኛ ቤተሰቦቹ፣ ጀነሬተር ጠባቂው፣ ልጇ የተኛባት እናት ነበርን። ማንም አልቆመም። የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ አጎቴ ተነሥተው ወደ መስጊዱ ሄዱ።

የአክስቴ ልጅ በሁለት እጁ ትከሻዬን ይዞ «ስንት ሆነ?» አለኝ። ስልኬን አየሁት። ማቆሙን ረስቼዋለሁ፤ አሁንም ይቆጥራል።

«ምንም አይደለም፣ በግምት እናድርገው» አለ። ከጓደኞቹ ጋር ግን ተጣላ። አሚኑ ጭብጨባ ውስጥ ይገባል ይላል እሱ፤ ሰዉ ቆሞ ነበራ። ጓደኛው ደግሞ ዱዓ ለአላህ ነው እንጂ ለፊልም አይደለም ብሎ ሙጭጭ አለ። ዘፈኑስ? እልልታውስ? በመጨረሻ ቁጥሩን ትቶ «በአገራችን ረጅሙ ጭብጨባ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ አንድ የውጫሌ ሰው «በሬው የእኛ፣ ሽማግሌው የእኛ፣ ሐይቆች ምን አግብቷችሁ ታጨበጭባላችሁ?» ብሎ ጻፈ። በዚህ የተነሣ ፊልሙ ውጫሌ ላይም ሊታይ ግድ ሆነ።

አጎቴ ለዚያኛው አልመጣም አሉ። «እኔ ካለሁ ሰው አይቀመጥም» አሉ። «ጉልበት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ይቅር።»

የውጫሌዎቹ ፊልሙን ያዩት እንደ ገበያ ነው። ገና በመጀመሪያው ገዢ ክርክር ተነሣ። ወፍራሙ ነጋዴ ራሱ መጥቶ ነበር፤ ራሱን ሲሳደብ ሲያይ ተነሥቶ «የሰጠሁት ዋጋ ያንሳል? እስቲ እናንተ ፍረዱ!» አለ። ግማሹ አያንስም፣ ግማሹ ያንን ለመሰለ በሬ ያንሳል እያለ ቆሞ ተሟገተ፤ መጨረሻውን በቅጡ ያየው ጥቂት ሰው ነው። ሲያልቅ አጨበጨቡ፣ ቶሎም ተቀመጡ፣ ከዚያ ክርክሩን ይዘው ወደ ሻይ ቤት ወጡ። የአክስቴ ልጅ ያዝናል ብዬ ስፈራ «ሰምተሻቸዋል? ስለ ፊልሙ ነው የሚጣሉት!» ብሎ ሲፈነድቅ ዋለ።

በማግስቱ እኔ ወደ አጎቴ ቤት ወጣሁ። ደጃፋቸው ላይ የማረሻ እርፍ ይጠርቡ ነበር። ሰላምታውም፣ የቤተሰቡ ደህንነትም፣ የዝናቡም ነገር በየተራ ካለቀ በኋላ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ቆሙ እንዴ?» አሉ።

«ቆመው ነበር።»

«ብዙ?»

«ስለ በሬው ዋጋ ሲከራከሩ ብዙ ቆሙ። ለጭብጨባው ግን ትንሽ ነው።»

«ማን አስቀመጣቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ተቀመጡ።»

እንጨቱን አገላብጠው አዩት፣ ጥራቢውን እፍ ብለው አራገፉ። «ጥሩ አደረጉ» አሉ። «ሰው አርፎ ሲቀመጥ ነው ደስ የሚለው።»

ትንሽ ጠረቡ።

«እኔ ብኖር ግን አይቀመጡም ነበር።»

«ወላሂ አይቀመጡም ነበር አጎቴ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ቁርስ እንዲቀርብልኝ ወደ ውስጥ ተጣሩ።